ለልጄ መመረቂያ የተቀዳ ጭቅጭቅ

ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። እያፈረስኩ፣ እየገጠምኩ ተማርኩት። ጥሩ አነጋገርም የተማርኩት ከዚያው ከሬዲዮ ነው። ስለዚህ ልጆቼን ሳሳድግ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ በኦሮምኛ የጀመርከውን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የጀመርከውን በአማርኛ ጨርስ። አምቦ ውስጥ ከእኔ ቤት ሌላ ይህን ሕግ የሚያከብር ቤት መኖሩን እንጃ።

ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትማር፣ የመመረቂያ ጥናቷ የአምቦን ሰው ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም መሥራት ሆነ። ማሽኑ እንዲማር የብዙ ሰው ድምፅ ያስፈልገዋል። የጥገና ሱቄን ለቀረጻው ሰጠኋት። እሷ ደንበኞቼን እያስፈቀደች በስልኳ ስትቀዳ፣ እኔ ከጎን ሆኜ «ቀና ብለህ ተቀመጥ! አትቀላቅል! ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሰማህ» እያልኩ አስተካከልኳቸው። ሁሉም ጉሮሮውን እየጠረገ እንደ ዜና አንባቢ ተናገረ። ደስ አለኝ።

አማካሪዋ ግን አልተቀበሉትም። ማሽኑ ገበያ መሀል የተቀዳ ወሬ ሲሰጡት ቅጡ ጠፋበት። ሰው በአንድ ትንፋሽ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር መከተል አልቻለም። ልጄ እውነተኛ ንግግር ቶሎ ካላመጣች ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከዘንድሮ በላይ የትምህርት ፈቃድ አይሰጣትም። ትምህርቱን ማቋረጧ ነው።

«አባባ፣ ነገ ሱቅ ባይገቡስ?» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ።

ከፋኝ። ቢሆንም በማግስቱ ከደጅ ተቀመጥኩ፤ አፌን እንደምይዝም ቃል ገባሁላት። ውስጥ ያሉት ግን በሩ ላይ እያዩኝ ያው እንደተኮፈሱ ቀሩ። በዚህ መሀል ከጎጆ ከተማ የመጣ አንድ ገበሬ ሰሞኑን የጠገንኩለትን ሬዲዮ ታቅፎ ደረሰ።

«ማሎ ኦቦ፣ ይሄ ነገር እኛ አገር ሲደርስ ዝም አለ!»

«ለኪ፣ አይደለም! እዚህ ሲናገር በጆሮህ ሰምተሃል። መንገዳችሁ ነው ያፈረሰው።»

«እዚህማ እርስዎን ፈርቶ ነው የሚናገረው!»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ተኮፍሰው የነበሩት ሁሉ ገቡበት፤ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለእኔ ይሟገት ጀመር። እኔም ቃሌን ረስቼ ጮህኩ፤ በኦሮምኛ ጀምሬ፣ በአማርኛ ተቆጥቼ፣ መልሼ በኦሮምኛ ስምል ራሴን ሰማሁት። ልጄ ቀስ ብላ ወደ ስልኳ ጠቆመች። ሁሉም ተቀድቷል።

ገበሬውን «ካልፈለጉ የእርስዎን አጠፋዋለሁ» አለችው።

«እንዳታጠፊው! እስቲ ማሽኑ ይፍረደን» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሱቁን ለወሬ ለቀቅኩት፤ ድምፁም ሞላላት። ቋንቋ መቀላቀል ስንፍና ነው የሚለው አሳቤ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ነገር ግን ሰው እኛ መስማት የምንወደውን ብቻ እንዲናገር ማድረግ ሥርዓት ማስያዝ አይደለም፤ ማስፈራራት ነው። ልጆች የምታሳድጉ አባቶች ይህን ልብ በሉት።

ጥናቷን ያቀረበች ዕለት የሰው ሬዲዮ ፈትቼ ተቀምጬ አንዲት ብሎን እንኳ አላሰርኩም። ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«አለፍኩ፣ አባባ።»

ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ኔትወርክ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ለካ እያለቀሰች ነው። «ተመስገን» አልኩ። የፈታሁትን ጠረጴዛው ላይ እንደተበተነ ትቼ፣ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁና ጠዋት እምቢ ያልኩትን ቁርስ ከምሳው ጋር አንድ ላይ በላሁ።