ቁልቁል ያደረችው ፒካፕ

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጎረቤቴ ነው፤ መኪናውን ለማስነሣት ይታገል ነበር። ታኅሣሥ ነው፤ አሁን የምኖርባት አምቦም ብትሆን በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ሞተሩ ይዞራል፣ ያስላል፣ ሊነሣ ይልና መልሶ ይጠፋል። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ ሳዳምጥ ሐሳቤ ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ፣ ሥራ ወደጀመርኩባት ወደ ጌዶ ሄደ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያደግሁት አዳማ፣ በሞቃት አገር ስለሆነ የጌዶ ብርድ አጥንቴ ድረስ ይገባ ነበር። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ነቀምት የሚሄዱት የጭነት መኪኖች ጭጋጉን በመብራት እየቀደዱ ያልፋሉ። ቢሮ ከመግባቴ በፊት ከአስፋልቱ ዳር ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ እበላ ነበር። እንደዚያ የሚጣፍጥ ጨጨብሳ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁም። ምናልባት ያጣፈጠው ብርዱ ይሆናል።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ወደ ገጠር ቀበሌዎች ክትባት የምታደርስ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበረችው። ሾፌሯ ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። የመኪኖቹ ጥገና ደግሞ የእኔ ኃላፊነት ነበር። በዚያ ዓመት ብርዱ ሲጀምር ፒካፗ ጠዋት ጠዋት አልነሣ አለች። ቀን ላይ ግን ቁልፍ ገና ሲነካት ትነሣለች። አንድ ማክሰኞ እናቶች ሕፃናታቸውን አዝለው እስከ ቀትር ጠብቀው፣ ክትባቱ ሳይደርስ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ኃላፊያችን ተቆጥቶ ስብሰባ ጠራና በሁሉም ፊት ጠየቀኝ፤ “ችግሩ የመኪናዋ ነው ወይስ የሾፌሩ?”

ባትሪውን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው። ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖም ብርቱ ነው። አላውቅም ማለት ግን አፈርኩ። “የናፍጣ መኪና በብርድ ከመነሣቷ በፊት የሞተር ማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል” አልኩ። “ኦቦ ገመዳ አይጠብቁም።”

አላየሁም። ሲያስነሧት አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ቆሜ አላውቅም።

“እጠብቃለሁ” አሉ ኦቦ ገመዳ።

ዓርብ ዕለት ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የስንብት ደብዳቤ አየሁ። ስማቸው አለበት፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ “በባለሙያ እንደተረጋገጠው” ይላል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ሰኞ ሊፈረም ነው።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ወደ ግቢው ሄድኩ። ኦቦ ገመዳ ቀድመውኝ ነበር፤ ጋቢ ለብሰው፣ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያያሉ።

“አካም ቡልተ፣ ኢንጂነር” ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

“ኦቦ ገመዳ፣ እስቲ እኔ እያየሁ ያስነሡልኝ።”

ቁልፉን አዞሩ፣ መብራቱ በራ። እስኪጠፋ ጠበቁ፤ ከጠፋም በኋላ ትንሽ ቆዩ። ሞተሩ ዞረ፣ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ቀረ። በዚያ ብርድ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

“ሁልጊዜ እንዲህ ናት?”

“አይ። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ካደረች ትነሣለች።”

“በግፊያ ነዋ!”

“ያለ ግፊያ። በቁልፍ። ከአንቺ በፊት ለነበረው ባለሙያ ነግሬው ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም።”

እኔ አልሳቅሁም። የናፍጣው ታንከር ከኋላ ነው። አፍንጫዋ ቁልቁል ሲሆን ታንከሩ ከሞተሩ ከፍ ይላል፤ ሽቅብ ስትቆም ግን ዝቅ ይላል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በሚያመጣው ቱቦ ላይ በአንድ ቦታ አየር የሚገባ ከሆነ ናፍጣው ሲያድር ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ ጠዋት ሞተሩ የሚጠጣው ያጣል ማለት ነው። ነገሩ ከአንድ ሳምንት በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ የሚያልቅ ነበር።

ፒካፗን በሩ አጠገብ ቁልቁል አቁመናት አደረች። እሑድ ማለዳ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ኦቦ ገመዳ ቸርች ሄደው፣ ከሰዓት ኮታቸውን ሳያወልቁ ተመለሱ። አብረን ከታንከሩ ጀምረን ቱቦውን በእጃችን እየዳሰስን መጣን። የናፍጣ ማጣሪያው አጠገብ ስንደርስ ጎማው እንደ ደረቅ እንጨት ጠጥሯል፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘሁ። ሲሞቅ ለስልሳ የምትዘጋ፣ ሲበርድ ተኮማትራ አየር የምታስገባ ስንጥቅ። አዲስ ቱቦ ቀየርን፣ ጫፍና ጫፉን በብረት ማሰሪያ፣ በፋሼታ፣ ጥርቅም አድርገን አሰርን፤ ከዚያ ሆን ብለን ሽቅብ አቆምናት።

ሰኞ ሲነጋ መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ኦቦ ገመዳ ቁልፉን አዞሩ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቁ። ፒካፗ ሳታስል ተነሣች። ከመኪናዋ ወርደው ዘይት በነካ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና “ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ይቅርታ የጠየቅኋቸው ያኔ ነው። “ተይው” አሉኝ።

ለኃላፊያችንም ቢሮው ገብቼ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ለብቻው ነገርኩት። ደብዳቤውን ቀደደው። በስብሰባው ላይ ግን “መኪናዋ ተሠርታለች፣ ባለሙያችንን እናመሰግናለን” ብሎ አለፈ። ተጨበጨበልኝ። ኦቦ ገመዳም አጨበጨቡ። መነሣትና መናገር ነበረብኝ፤ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

አምና ወደ ነቀምት ስሄድ ጌዶ ወርጄ ጠየቅኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ። ኦቦ ገመዳ የልጅ ልጆቻቸውን ጠርተው “ያቺን ፒካፕ ያዳነቻት ይህች ናት” አሉና ታሪኩን ከቅዳሜ ማለዳ ጀምረው አወሩላቸው። ስለ ስብሰባው አንድም ቃል አላነሡም። ረስተውት ይሁን ለእኔ አዝነው አላውቅም። ልጆቹ በአድናቆት ያዩኛል፤ እኔም ጭኮውን እያላመጥሁ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ስለዚህ እሳቸው የዘለሉትን እኔ እዚህ ጻፍኩት። እነዚያ ልጆች አንድ ቀን ቢያነቡት ይወቁ፤ ጥፋቱ የአያታቸው አልነበረም። ሳላይ የመሰከርኩባቸው እኔ ነኝ።