ቀይዋ ነጥብ ስትደበዝዝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሌዘር ቤተ ሙከራ ኃላፊ ከጥፍር የማይበልጥ ሮዝ ክሪስታል አሳዩኝ። "ይህ ድንጋይ አረንጓዴ ጨረር ይውጣል፣ ቀይ ይተፋል" አሉኝ። "የዋጠውን ሁሉ ግን አይመልስም፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል። በጋለ ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ እያነሰ፣ ሙቀቱ እየባሰ ይሄዳል። ያንተ ሥራ ማቀዝቀዝ ነው።"

ከዚያ በፊት ጫግኒ የወፍጮ ሞተር እጠግን ነበር። ሞተርም ሲግል ጉልበት ያጣል፤ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። እንጅባራ ብርድ ነው ብላችሁ አትሳቱ፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ለአፍታ ከቆመ ድንጋዩ ይግላል።

ለዓመታት በቴክኒሽያንነት ያንን ውሃ ጠበቅሁ። የጨረሩ ኃይል መለኪያ ሲበላሽ ምትክ አልመጣም። እኔም በዐይኔ መገመት ለመድሁ፦ ነጭ ካርቶን ላይ የምታርፈው ቀይ ነጥብ ከደበዘዘች ድንጋዩ ሞቋል። ይህችን ብልሃት ለመምህር ደሴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኮርቼባትም ነበር።

ደሴ የዳንግላ ልጅ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ጨረሩን ከአንድ ቀይ ወደ ሌላ ቀይ ይቀይር ነበር። የዚህ ድንጋይ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ የማሽኑን ብሎን ስታዞሩት ቀለሙ ይለወጣል።

አንድ ቀን ብሎኑን እያዞረ ሳለ "ጋሼ፣ ደበዘዘችብኝ፤ ድንጋዩ ሳይሞቅ አይቀርም" አለኝ።

የውሃውን ቱቦ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

"አልሞቀም" አልኩት።

"ታዲያ ኃይሉ የት ሄደ?"

ነጥቧን በደንብ ለማየት መከላከያ መነጽሩን አውልቆ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለ። አይቼ አልከለከልኩትም፤ እኔም አወልቅ ነበርና። ጨረሩ ከሚመራው መስተዋት ማቀፊያ ብረት ላይ ነጥሮ ቀኝ ዐይኑ ገባ። አልጮኸም። "የማየው ነገር መሐሉ ጠፋብኝ" ብቻ አለ።

ኃይሉ የትም አልሄደም ነበር። ደሴ ብሎኑን የሰው ዐይን በቅጡ ወደማያየው ቀይ አዙሮታል፤ ጨረሩ እንዳለ ነው፣ የደከመው የእኛ ማየት ነው። ቀዝቃዛው ቱቦ ይህንኑ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

አባቱ ከዳንግላ በሚኒባስ መጡ። "መብራት በዝቶበት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የለም። ያነሰ መስሎን ነው።"

"ማን አሳሳታችሁ?"

"እኔ።"

ፊታቸውን አዙረው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የደሴ ቀኝ ዐይን አልዳነም። በሥራው ላይ ላላችሁ፦ ነጥቧ ደብዝዛ ውሃው ካልሞቀ ጨረሩ አለ። መነጽር አታውልቁ። መለኪያ ከሌለ ማሽኑን አጥፉና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።