የኃላፊው ሱሪ

ክረምት ላይ ጎርፉ ከሰፈራችን ወደ ጉደር የሚያሻግረንን የእንጨት ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት አዝዬ፣ ወንዙን በእግሬ እያቋረጥኩ ነበር።

አቤት ስንል ከርመን፣ አንድ ኃላፊ ሊያዩልን መጡ። ማዶ ቆመው "በቅርቡ ይሠራል!" ሲሉን፣ "ተሻግረው ይዩልን እንጂ" አልናቸው። ምን ያድርጉ፣ ገቡ። ዳር ሊደርሱ ሲሉ አዳለጣቸውና ጭቃው ውስጥ ቁጭ!

በስመ አብ ብዬ አነሳኋቸው፤ ቤት ወስጄም የባለቤቴን ሱሪ ሰጠኋቸው። ባለቤቴ አጭር ነው፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀረ። ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

"አዴ አስካለ፣ የእኔን ነገ ሰው ልኬ አስወስዳለሁ" አሉኝ።

"አይ ኦቦ፣ አጥቤ አስቀምጥልዎታለሁ። ድልድዩ ሲሠራ ራስዎ ተሻግረው ይወስዱታል።"

የባለቤቴን ሱሪ እንደለበሱ ሄዱ። ባለቤቴ "አንቺ ሴት፣ ልታሳስሪኝ ነው!" አለ። እኔ ግን ሱሪውን አጥቤ፣ ተኩሼ ሰቀልኩትና ድልድዩ እንዲሠራ መጸለዬን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማዶ መኪና ቆሞ እንጨትና ብረት ያራግፋል። ኃላፊው አካፋ ይዘው ከሠራተኞቹ ፊት ቆመዋል፤ የባለቤቴን አጭር ሱሪ ለብሰው።

"አዴ አስካለ!" ብለው ጮኹ። "የእኔን ለምረቃው ያቆዩልኝ፣ ለሥራ ይሄኛው ይመቻል!"