ሁሉም ሃያ የሚተነፍስበት ዋርድ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ቀኑ በወረቀቱ ራስጌ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከሥሩ «ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር» ይልና እንዲህ ይቀጥላል፦ «በዋርዳችን ሠላሳ አራት አልጋ አለ። ተረኛዋ ነርስ አንድ ናት። የአንድን ሕመምተኛ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ በትክክል ለመለካት ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ሠላሳ አራቱን ለማዳረስ ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ማለት ነው። በመመሪያው መሠረት ልኬቱ በየአራት ሰዓቱ ይደገማል። ለመድኃኒቱ፣ ለቁስሉ፣ ለግሉኮሱ፣ ለአስታማሚው ጥያቄና ለአስከሬኑ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ይቀራል። ስለዚህ»

እዚህ ላይ ያበቃል። ከ«ስለዚህ» በኋላ ነጥብ እንኳ የለም።

የጻፈችው እህቴ ሲስተር ፈንታነሽ ናት። ደብዳቤውን ከጀመረች ከሦስት ቀን በኋላ፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ ዐረፈች። እኔ ታናሽ ወንድሟ አዳነ ነኝ። እሷ ነርስ በነበረችበት ሆስፒታል የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ሆስፒታሉ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለ ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ከዚህ በታች ያለው በዐይኔ ያየሁት፣ ከማኅደር ያነበብሁት ወይም ከነገሩኝ ሰዎች አፍ የሰማሁት ነው።

ያደግነው ወንዛዬ፣ ከፍል ውኃው አጠገብ ነው። ፈንታነሽ ዐሥር ዓመት ሲሆናት ለመታጠብ የሚመጡ ሕሙማንን ልብስ ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁሉም ልብሱን ለብሶ ሲሄድ አንድ ጋቢና አንድ ጥንድ የጎማ ጫማ ድንጋይ ላይ ቀረ። ሰው ጠፋኝ ያለ የለም። እንፋሎቱ ውስጥ ገብታ ብታይ አንድ ሰው ጥጉን ይዞ፣ ውኃው እስከ ደረቱ ደርሶ፣ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ዐይኑ ግማሽ ተከፍቷል። ከቀትር ጀምሮ ሰዎች አጠገቡ ሲታጠቡና ሲያወሩ ውለዋል። አንዱማ ሳሙና እንዲያውሰው ጠይቆት ዝም ሲለው «ኩራተኛ» ብሎ ትቶት ነበር። ሰውየው ከሞተ ሰዓታት አልፈውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈንታነሽ የሚገባውንም የሚወጣውንም ሰው ትቆጥር ነበር።

ነርሲንግ ተምራ መጀመሪያ እብናት ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት፣ ከዚያ እኛ ዘንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራች። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ትንፋሽ ስትቆጥር የልብ ምት የምትለካ መስላ የሕመምተኛውን እጅ ትይዝና ዐይኗን ደረቱ ላይ ትጥላለች፤ ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥራለች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለሷ ሐሜት ነበር።

በ2016 ኅዳር ላይ የሆነውን ሳልጽፍ የቀረው አይገባም። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ የጤና መድን ደብተሩን ይዞ ይመጣል። ሆስፒታሉ አክሞት ወጪውን ከመድኑ ይጠይቃል። መርማሪዎች መጥተው ማኅደሩን ሲገልጡ በልኬት ወረቀቱ ላይ ባዶ ሣጥን ካገኙ የዚያን ሰው ወጪ አይከፍሉም። ካልተከፈለ መድኃኒትም ጓንትም አይገዛም፤ ተጨማሪ ነርስ መቅጠርማ አይነሣም። ስለዚህ አመራሩ ትእዛዝ አወጣ፦ ባዶ ሣጥን ያለበት ማኅደር አይዘጋም፤ ካርድ ክፍሉ ለጻፈው ነርስ ይመልሳል፤ ሙሉ በሆነው ላይ «ተሟልቷል» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ የሚገኘው በእኔ መሳቢያ ነው። ትእዛዙን ደግፌው ነበር። ባዶ ሣጥን ማየት አልወድም።

በአንድ ወር ውስጥ ባዶ ሣጥን ከሆስፒታሉ ጠፋ፤ ከፈንታነሽ ወረቀት በስተቀር። እሷ ያልደረሰችበት ሣጥን ውስጥ «አልቆጠርኩም» ብላ ትጽፍ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማኅደር ታቅፋ ካርድ ክፍል ገባች።

«ወንድማለም፣ ዛሬስ ስንቱን መለስህብኝ?»

«አራት ነው። እታለም፣ ባዶ አይለፍ ተብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ባዶው የታለ? አልቆጠርኩም ብዬ ጽፌበታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ይቺን ማንበብ አቅቶህ ነው?»

«የሚፈለገው ቁጥር ነው።»

«ቁጥር ከፈለግህ ና ላሳይህ።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሌሎቹ ነርሶች የዘጓቸውን ማኅደሮች ከክምሩ አውርዳ ፊቴ ዘረጋቻቸው። «የትንፋሹን ዐምድ ብቻ እይ። ሌላውን ተወው።»

አየሁ። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። አስም ያለባቸው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሃያ። ስኳር የጣላት ሴት ሃያ። ታይፎይድ የያዘው ጎረምሳ፣ ሙቀቱ አርባ በነበረበት ሌሊት፣ ሃያ። ገጹን ገለጥሁ፤ ሌላውንም ገለጥሁ።

«እንግዲህ ሠላሳ አራት ሰው አይደለም የተኛልን» አለች። «አንድ ትልቅ ከብት ነው። እኩል ይስባል፣ እኩል ይተነፍሳል።»

ሳቅን። ቀድማ ያቆመች እሷ ናት።

«እውነቴን ነው አዳነ። አንዳንዴ መካከል ላይ ቆሜ ስሰማው ያ ነገር እውነት የተኛ ይመስለኛል።»

አራቱን ማኅደሮች ግን መለስሁባት። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዋርዱ በር ሳልፍ እግሬ ይዘገያል። ከምሳ በኋላ አስታማሚው ሲወጣ ከውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማል። የብዙ ሰው ትንፋሽ ተደባልቆ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ግድግዳውን ተደግፌ በሰዓቴ ቆጠርሁት። ሃያ መጣ። ደገምሁት፤ ሃያ። ሦስተኛ ሳልቆጥር ሄድሁ። ቢሮዬ ስደርስ የራሴን ትንፋሽ ይዤ መቆየቴን አወቅሁ።

በ2017 ጥር «መመሪያ ባለማክበር» ተብሎ የፈንታነሽ የተረኝነት ክፍያ ታገደ። ደብዳቤውን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን ማሳል ጀምራ ነበር። ረቡዕ የካቲት 12 ጧት ከበሩ እስከ ዋርዱ መራመድ አቃታት። የሳምባ ምች ነበር። በራሷ ዋርድ፣ በአልጋ ዐሥራ ሰባት ተኛች። ዶክተር ትዝታ መርምራት መድኃኒት ጀመረችላትና ትንፋሿ ከጨመረ ኦክስጅን እንዲደረግላት አዘዘች። ከሦስቱ የኦክስጅን ማሽኖች የሚሠራው አንድ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚሄደው የትንፋሽ ቁጥሩ ከፍ ወዳለው ሕመምተኛ ነው። ቁጥሩ የሚታየው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ነው።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት ምሳ ይዤላት ገባሁ። ትራስ ተደርድሮላት ወደ ጣራው እያየች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝሁና ዐይኔን ደረቷ ላይ አደረግሁ። አወቀችብኝ።

«ምቴን ነው?»

«አዎ።»

«ውሸታም።» ፈገግ አለች። ከዚያ በላይ ለመናገር አየር አልነበራትም።

ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርሁ። ሠላሳ ስምንት ነበር፤ የጤነኛ ሰው ከሃያ አያልፍም። ተነሥቼ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ወረቀት አየሁ። የጧቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሃያ። የአራት ሰዓቱ፣ ሃያ። የስምንት ሰዓቱ፣ ሃያ። የማታው ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሃያ። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና ስድስት ሰዓት ከዐሥር ነው። እህቴ ገና ያልመጣውን ሰዓት ተንፍሳ ጨርሳለች።

ተረኛው ዘውዱ የሚባል ወጣት ነርስ ነበር። ሁለት አልጋ አልፎ መርፌ እያዘጋጀ ነው።

«ዘውዱ፣ የስምንት ሰዓቱን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ስምንት ሰዓት መቼ ደረሰ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ አዳነ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ዐሥራ ሁለት ሰው መድኃኒት እየጠበቀኝ ነው። ብቻዬን ነኝ። ባዶ ብተወው ነገ የምትመልስብኝ አንተው ነህ። አዲስ የገባሁ ሰሞን ዘጠኝ ማኅደር መልሰህብኛል።»

«ሠላሳ ስምንት ናት» አልሁት።

መርፌውን ጥሎ ሮጠ። ይህን በተለይ እጽፋለሁ፤ ሮጧል። ዶክተር ትዝታ በአራት ሰዓት ዞራ ወረቀቱን አይታ ሃያ ሲል «ደህና ነች» ብላ ማሽኑን ለአልጋ አምስት አዛው ነበር። የአልጋ አምስቱም ሰው አየር የሚያጥረው ነውና ከእሱ ነቅሎ ማምጣት ጊዜ ወሰደ። ማሽኑ ፈንታነሽ ዘንድ የደረሰው ስምንት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ጉዳይ ሲሆን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፈች።

ሲሸፍኗት ወረቀቱ ከአልጋው ግርጌ እንደተንጠለጠለ ነበር። ዋርዱ ጸጥ አለ። ከጸጥታው ሥር ያ ድምፅ ነበር፤ ይስባል፣ ይተነፍሳል። አንድ እንኳ አልጎደለበትም።

ማኅደሯ ዓርብ ካርድ ክፍል ደረሰ። አንድም ባዶ ሣጥን የለውም። እንደ ትእዛዙ ከሆነ የሚቀረው የእኔ ማኅተም ብቻ ነው። ከሐዘን ቤት በተመለስሁ ቀን የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ፋሲል ካርድ ክፍል ገብተው በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለቅሶዋ ላይ አልቅሰዋል።

«አዳነ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ። መርማሪዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። የሞተ ሰው ሲተነፍስ ካዩ ይቺን ብቻ አይደለም፣ የዓመቱን ማኅደር በሙሉ ነው የሚጠራጠሩት። የዐረፈችበትን ሰዓት ወደ ማታ አንድ ሰዓት ብናደርገው ይገጥማል።»

«ያንን አራት ሰዓት አልኖረችም አቶ ፋሲል። ከጻፍሁት ግን እየታፈነች እንድትቆይ ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀቱን አይተው ነው ማሽኑን የነፈጓት።»

ሲወጡ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

በማታው ዐሥራ ሁለት ሰዓት መስመር ፊት ለፊት በቀይ ቀለም ጻፍሁ፦ «በዘጠኝ ሰዓት ዐርፋለች። ይህ አልተቆጠረም።» ፈረምሁ። ማኅተሙን አልመታሁም። ከዚያ በዓመቱ ውስጥ በዋርዱ ያረፉትን ሁሉ ማኅደር አውጥቼ የሞቱበትን ሰዓት ከመጨረሻው ልኬት ጋር አስተያየሁ። ከእሷ ሌላ ዐሥራ አንድ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ይተነፍሳሉ። ከእብናት የመጡት አቶ ይሻው የሚባሉ ገበሬ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነው ያረፉት። አስከሬናቸውን ልጆቻቸው ጎሕ ሳይቀድ በጭነት መኪና ወስደው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቀብረዋል። በስምንት ሰዓት፣ ከአፈር በታች ሆነው፣ እኛ ዘንድ ሙቀታቸው ሠላሳ ስድስት ተኩል፣ ትንፋሻቸው ሃያ ነው። በዐሥራ አንዱም ላይ «ተሟልቷል» የሚለው ማኅተም በቀጥታ፣ ሳይንጋደድ ተመትቷል። የእኔ አመታት ነው።

ዝርዝሩን ለመርማሪዎቹ በእጄ ሰጠሁ። አሁን «አልቆጠርኩም» የሚል ሣጥን በእኔ በኩል ያልፋል፤ ዘውዱም እንዲያ ይጽፋል። በዚህ ሩብ ዓመት ከመድኑ የመጣው ገንዘብ ግማሽ አልሞላም። ባለፈው ሳምንት ጓንት አልቆ ነርሶቹ ሁለት ቀን በባዶ እጃቸው ሠርተዋል። ሊያናግሩኝ የማይፈልጉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሁለተኛ ነርስ አልተቀጠረም።

ፈንታነሽ ከመተኛቷ በፊት ጀምራ የጨረሰችው የመጨረሻ ጉዳይ የማክሰኞ፣ የካቲት 11 ነው። የዋርዱ የደም ግፊት መለኪያ ጎማው ተበስቶ አየር አልይዝ ካለ ሰንብቶ ነበር፤ የአዲሱ ግዥ ጥያቄ ከኅዳር ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል በጋዜጣ ጠቅልላ፣ እያሳለች፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ፈይሰል ጎሚስታው ሄደች። የነገረኝ ራሱ ፈይሰል ነው።

«ሲስተር፣ ይሄ ደሞ የየትኛው ባጃጅ ነው?» አላት።

«የሰው ነው። ቶሎ በል፣ ቀኑ ሳይመሽ።»

ውኃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀው፤ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ አገኘ፤ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ትንሽ ቁራጭ ጎማ ለጠፈበት። እስኪደርቅ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ክንዱን እንዲያወጣ አዘዘችውና በራሱ ላይ ሞከረችው።

«መቶ አርባ በዘጠና። ጨው ቀንስ።»

«አጂብ! ጎማ ለጥፌ ጨው ተከለከልኩ» ብሎ ሳቀባት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዋርድ ተመለሰች፤ መለኪያውን በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለችውና የዕቃ መዝገቡ ላይ «ተጠግኗል፤ ይሠራል» ብላ ፈርማ ወደ ቤቷ ሄደች።