ቱታ ውስጥ የተረፉት ጫጩቶች

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ብዙ አመነታሁ። የጠላት ዘመን ሲነሣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ አርበኛ አጎታቸው፣ ስለ ተቃጠለ ቤታቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ያለኝ የዘጠኝ ጫጩት ታሪክ ነው። ይህም ከቁም ነገር ይቆጠር ይሆን እያልኩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፌ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከኮሌጅ ስመለስ ድንገት በረዶ ጣለና ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልኩ። አንዲት ዶሮም ከዝናቡ ሸሽታ መጥታ ከእግሬ ሥር ቆመች። የረጠበው ላባዋ ሽታ፣ ያ የአፈርና የገለባ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ የሃያ አራት ዓመት ሴት መሆኔ ቀርቶ ልደታ ባለው ግቢያችን ጭቃ ውስጥ ቀሚሴን ሰብስቤ የቆምኩ የስምንት ዓመት ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

አባቴ ወደ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። እኔና እናቴ የምንኖረው ከአንድ ክፍል ቤት፣ ከጥቂት የጎመን መደብና ከገብስማዋ ዶሮ ጋር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ከወሎ የመጡት እትዬ ዘይነባና ባላቸው ጋሽ ሰይድ ይኖሩ ነበር። በአጥሩ መካከል አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረና እሳት ሲጠፋብን ፍም፣ ጨው ሲያልቅባቸው ጨው በዚያ በኩል ይተላለፍ ነበር፤ የሁለቱ ቤት ወሬም እንዲሁ። አንድ ቀን ማታ ግን ጋሽ ሰይድ ከጣልያኖቹ ጋራዥ ሥራ አግኝተው ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ገቡ። እናቴ ቱታውን ከላይ እስከ ታች አየችው። በማግስቱ ጠዋት ክፍተቱን በእሾህ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም።

በዚያ ክረምት ገብስማዋ ልታቀፍ አለች። ብልህ ሰው በክረምት አያስታቅፍም፤ እናቴ ግን በሰኔ ጾም ሳይበላ የተጠራቀመ አሥራ አንድ እንቁላል ነበራትና ገለባ ጎዝጉዛ አስታቀፈቻት። ችግሩ ብረቱ ነበር። በክረምት ዶሮ ስትታቀፍ ነጎድጓዱ ጫጩቱን ገና እንቁላሉ ውስጥ ሳለ እንዳይገድለው ከገለባው መካከል ብረት ይቀመጣል። በሌላው ጊዜ ማጭድ እናደርግ ነበር። ነገር ግን ወታደሮች መሣሪያ እንፈትሻለን ብለው ቤት ለቤት ሲዞሩ ማጭዳችንንም፣ ቢላዋችንንም፣ የአባቴን መጥረቢያም ወስደውብን ስለነበር በቤታችን ውስጥ መርፌ እንጂ ሌላ ብረት አልቀረም። እናቴ ከሰል አደረገችበትና፣ «የቀረውን እመቤቴ ታውቃለች» አለች።

እኔ ግን ሌሊት ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር አሥራ አንዱም እንቁላል ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ጆሯቸውን ይዘው የሚንቀጠቀጡ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ በእሾሁ በኩል እትዬ ዘይነባን ጠርቼ የሆነውን ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡም። ከቤት ገብተው ጋሽ ሰይድ ከጋራዥ ያመጡትን አንድ ወፍራም ቡሎን በእሾሁ መካከል አሾልከው ሰጡኝ። ቡሎኑ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። እናቴ የጣልያን ብረት ከዶሮዋ ሥር እንደማታስገባ አውቅ ነበርና በቀሚሴ ጠርጌ፣ ገብስማዋ እጄን እየነቆረችኝ፣ ከገለባው በታች ቀበርኩት። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ዘጠኙ ተፈለፈሉ። እናቴ ከሰሉን አመሰገነች።

አባቴ ከቀረ ወዲህ እናቴን ስትስቅ ያየኋት ጫጩቶቹን ስትመለከት ብቻ ነበር። ስለዚህ ፍልሰታ ገብታ ከቀትር በኋላ ወደ ቅዳሴ ስትሄድ፣ «ዓይንሽን ከነሱ ላይ እንዳትነቅዪ» ያለችኝን ቃል ከጸሎት አስበልጬ እጠብቀው ነበር።

አንድ ቀን ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ እንደ እንግዳ ለስላሳ ሆኖ መጣ፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ቆርቆሮ አንኳኳ፤ ከዚያ በረዶው ወረደ። ግቢያችን ባንዴ ነጭ ሆነ። የመንገዱ ጎርፍ በአጥሩ ሥር ሰብሮ ገባና የዶሮዋን ቤት ከበበው፤ ገለባው ተንሳፈፈ፤ ጫጩቶቹም በገለባው ላይ እንደ ትንንሽ ቢጫ ቆቦች ይንሳፈፉ ጀመር። ገብስማዋ ክንፏን ዘርግታ ልታቅፋቸው ትሞክራለች፣ ውኃው ግን ከሥሯ ይወስድባታል። ሦስቱን በቀሚሴ ያዝኩ፤ የእኛ ቤት ጣራም ያፈስ ስለነበርና የምድጃችንም እሳት ስለጠፋ ወዴት እንደምወስዳቸው አላወቅሁም።

«እትዬ ዘይነባ! ጫጩቶቼ አለቁ!» ብዬ ጮህኩ።

እሾሁን በእጃቸው ሲገነጥሉት አየሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በበረዶው መካከል እየሮጡ መጡ። «አይዞሽ የኔ እናት! ዶሮዋን ተያት፣ እሷ ራሷን ታወጣለች፤ ልጆቹን አፍሺ፣ አፍሺ!»

አፈስናቸውና በተከፈተው አጥር በኩል ወደ ቤታቸው ሮጥን። ከምድጃቸው አጠገብ ደርቆ የተሰቀለውን የጋሽ ሰይድን ቱታ አውርደው ጫጩቶቹን አንድ በአንድ በእግሩ በኩል ከተቱና እሳቱ ዘንድ አጋደሙት። አንዱ ግን አንገቱ ዞሮ ነበር። «ቢስሚላህ» አሉና አፉን ከፍተው ቀስ አድርገው እፍ እፍ አሉበት፤ ከዚያም ጡታቸው መካከል ሸጎጡት። ውጭ በረዶው ጣራውን ሲያንኳኳ፣ ውስጥ ጭሱና የረጠበው ላባ ሽታ ሲቀላቀል፣ እኔ በሌላ ዓለም ያለሁ መስሎኝ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከእትዬ ዘይነባ ደረት ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «ጭው» ስትል ሁለታችንም አለቀስን።

እናቴ የመጣችው ያኔ ነው። ባዶውን የዶሮ ቤትና የተገነጠለውን አጥር አይታ ትሮጥ ነበር።

«አንቺ ዘይነባ! ልጄን የት አደረግሻት?»

«ልጅሽም ጫጩቶችሽም እሳት እየሞቁ ነው። ግቢና በሩን ዝጊው፣ ብርድ ታስገቢባቸዋለሽ!»

እናቴ ገባች። ከቱታው እግር ውስጥ ስምንት ትንንሽ ራሶች ብቅ ብለው ሲያዩዋት እሷም ቆማ አየቻቸው።

«ይሄ የጣልያኑ ልብስ አይደለም?»

«ነው። ሰይድ ነገ ምን ለብሶ እንደሚሄድ እንጃ፤ ኩሳቸውን ሞልተውበታል።»

«እሰይ!» አለች እናቴ። «እሰይ የኔ ጀግኖች!»

ከዚያ ሁለቱም እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። እትዬ ዘይነባም እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እንዲያው ግን ቡሎኑ ነጎድጓዱን መለሰልሽ አይደል?» ሲሉ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ጆሮዬን ያዘችኝ፤ ሳትጎትተው ግን ለቀቀችኝና ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍተቱን የዘጋው የለም። ዶሮዎቹ አደጉ፤ በየትኛው ግቢ እንደሚያድሩም የሚወስኑት ራሳቸው ሆኑ። ጋሽ ሰይድ ያን ቱታ ለብሰው ሲመጡ እናቴ እንደ ድሮው ፊቷን አታዞርም ነበር፤ «የጀግኖቼ አልጋ መጣ» ትላቸውና እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይስቁ ነበር።

ጣልያን ከከተማው ሲወጣ የሰፈራችን ሰው ደስታውም ቁጣውም ባንድ ጊዜ ገነፈለ። ጋሽ ሰይድን «ባንዳ» የሚሏቸው በዙ፤ አንድ ማለዳም በራቸው ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እናቴ በየቤቱ እየዞረች የበረዶውን ቀን ተረከች፣ ለምነሽ አስምሪያቸው እንደተባለች ሴት። ሽማግሌዎቹ ግን፣ «ስለ ጫጩት ብለሽ ነው?» እያሉ ሳቁባት።

አሁን ልደታ ሰው በዝቶበታል፤ ጎረቤቶቻችንም ደጎች ናቸው። ነገር ግን ዶፍ ሲወርድ ስሙን ጠርተን የምንጮኸው፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ እሾህ በእጁ ገንጥሎ የሚመጣ ሰው እንዳለን እኔም እናቴም እርግጠኞች አይደለንም። እትዬ ዘይነባና ጋሽ ሰይድ ዕቃቸውን በሁለት አህያ ጭነው፣ እናቴ እስከ መንገዱ ሸኝታቸው ብቻዋን የተመለሰችው ሰኔ 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።