በሰው ግድግዳ ላይ የተሠራ ባሕር

በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በሥራዋ ሳይሆን በዕረፍት ቀኗ ነው። ሌላው ሰው ዕረፍት ሲያገኝ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፤ እሷ ከረጢቷን አንጠልጥላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ትወርዳለች። ስለዚህ «እትዬ ዛጎል» አልናት፤ ስሙም ለጠፈባት።

ባሏ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። የሰው ሚስት ከገበያ ስትመለስ የሚበላ ታመጣለች፤ የኔዋ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ተሸክማ ትመጣለች ይል ነበር። እውነቱን ነው። ገልብጣ አይታ ውስጡ ነፍስ ያለው ነገር ካገኘች መልሳ ውሃው ውስጥ ታስቀምጠዋለች እንጂ ከረጢት አታስገባም።

ያመጣችውን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጋ ጥላ ላይ ታሰጣለች። ፀሐይ የመታው ዛጎል ቀለሙን ይተፋል ባይ ናት። ከዚያ በየቀለሙ ለይታ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ታኖረዋለች። መጀመሪያ ለመስታወት ጠርዝ ሠራች፤ ቀጥላ በዓሣ ማጥመጃ ክር የተሰካካ የበር መጋረጃ፣ ሰው ሲያልፍበት የሚንቃጨል።

ሁለት ክፍል ቤታቸው የኪራይ ነው። የመኝታ ክፍሉ ልስን እየተላጠ አልጋ ላይ ሲረግፍ አከራያቸውን ለመኗት። «ካልተመቻችሁ ቤት ሞልቷል» አለች። እትዬ ዛጎልም ጄሶ ገዝታ ራሷ ልትለስነው ተነሣች። እርጥቡ ጄሶ ላይ የጣቷ ዱካ ሲቀር አየች፤ አንድ ዛጎል ወስዳ ተጫነችው፤ ያዘ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት። ባሏ በሳንቃ ላይ ብትሠራው እንደሚሻል፣ የሰው ወርቅ እንደማያደምቅ ቢነግራት፣ በሳንቃ የሚሠራው እንግዳ ይመስላል፣ እኔ የምፈልገው ቤተኛ ነው ብላ መለሰችለት።

ዓመታት ፈጀባት። ከወለሉ አመድማው ይነሣል፤ ከአልጋው ራስጌ በላይ ወደ ጽጌረዳ ቀለም ይሄዳል፤ ጣራው ሥር ሲደርስ ነጭ አረፋ ይሆናል። ከሥራ ውላ፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ እፍኝ በእፍኝ የጨመረችው ነው። የቀረው በመስኮቱ በኩል ያለው ጠባብ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አከራይዋን ዝናብ አስጠልሏት ገባች፤ የመኝታ ክፍሉ በር ተከፍቶ አገኘችው። አፏን ይዛ ቆመች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች፤ ሊያገባ ለተዘጋጀው ልጇም ላከችለት። የልጁ እጮኛ ከዚህ ሌላ ቤት አልገባም አለች። ከሳምንት በኋላ አከራይዋ መጥታ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንዲለቁ ነገረቻቸው።

ይህን አልፌ መሄድ እችል ነበር። አከራይ ቤቱን ይፈልጋል፤ ተከራይ ይወጣል፤ ዓለም በዚህ ስትዞር ኖራለች። ቀጥሎ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እህት» አለቻት፤ «ከመውጣትሽ በፊት ያቺን የመስኮቱን በኩል ጨርሺልን። ለሙሽራ ጎዶሎ ቤት አይሰጥም።»

የተናገረችው በክፋት አይደለም፤ በፈገግታ ነው። እኔን ያሳረረኝም ይኸው ነው። ክፋት ቢያንስ የሚወስደው የሰው መሆኑን ያውቃል። ይቺ ሴት ግን የሌላውን ድካም እንደ ዝናብ ውሃ፣ ከሰማይ በጣራዋ ላይ እንደ ወረደ አድርጋ ነው የምታየው። ጎረቤት ነኝና ሄጄ አነጋገርኳት። ግድግዳው የኔ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውም የግድግዳው ነው አለችኝ። ጄሶውን ማን ገዛው፣ ልስኑ ሲረግፍ የት ነበርሽ ብላት፣ የተማረ ሰው ነገር ያበዛል ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

እትዬ ዛጎል ግን አልተሟገተችም። እንዲያውም እሺ ያለች መስሎን ተናደድንባት። ባሏ እንኳ ቀልዱን ትቶ ዕቃ መሸከፍ ጀመረ።

በመልቀቂያቸው ዋዜማ አከራይዋ እጮኛዪቱን አስከትላ የመጋረጃ ልክ ልትወስድ መጣች። እኔም ዕቃ ላግዝ እዚያው ነበርኩ። እትዬ ዛጎል በርጩማ ላይ ቆማ፣ መሮና መዶሻ ይዛ፣ አረፋውን አውርዳ ጽጌረዳው ላይ ደርሳለች። ወለሉ በጄሶ ፍርስራሽ ነጥቷል።

«ምን እያደረግሽ ነው? ቤቴን አፈረስሽው እኮ!»

«ቤትዎን አልነካሁም» አለች ሳትዞር፤ አንቱታውን እንኳ አላጎደለችም። «የኔን እያወረድኩ ነው። ግድግዳዎን ለስኜ አስረክብዎታለሁ።»

«ለሙሽሪት ምን ልበላት?»

«ሙሽሪት እጅ አላት፣ እትዬ። ባሕሩም ሩቅ አይደለም።»

እጮኛዪቱ መሬት መሬት አየች። አከራይዋ ፖሊስ እጠራለሁ ብላ ወጣች፤ አልጠራችም።

ከወረደው የሚበዛው ተሰባበረ። ጄሶዋ ጠንካራ ነበር፤ በደንብ የያዘውን ዛጎል ሳይሰብሩ ማላቀቅ አይቻልም። እየሰበረች አታለቅስም፤ የተረፈውን እያራገፈች ለባሏ ታቀብላለች፣ እሱ ከረጢት ውስጥ ይከታል። በማግስቱ ግድግዳውን ልሙጥ አድርጋ ለሰነች፣ ወለሉን ጠረገች፣ ቁልፉን አስረከበች፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ገቡ።

ሰርጉ ተሰረገ፤ ሙሽሮቹም ሌላ ቤት ገቡ። ሰፈሩ ግን እትዬ ዛጎልን ማማቱን አልተወም። ክፉ ናት ይላሉ፤ ቅናት ነው ይላሉ፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው «ምናለ ለሙሽሮች ብትተውላቸው?» ይባባላሉ። እጇን ሲያደንቁ የነበሩት ናቸው እንዲህ የሚሉት። ምናለ ሠርታው እዚያው ብትኖርበት ያለ ሰው ግን፣ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅም፣ እስካሁን አልሰማሁም።