እንቁራሪቷ ድቡን ዳግም ረታችው

«አኮ፣ አያቴ፣ ድቡን ዘረርኩት!» እያለች የልጅ ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች።

የክፍል ክርክራቸው «ሊጠፉ ከተቃረቡት ከእንቁራሪትና ከድብ የቱ ቀድሞ ይዳን?» የሚል ነበር። ዘዴውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ፤ በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ነቀምቴ ተከራክሬበታለሁ።

ያኔ ከከተማው በታች ያለው ረግረግ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ሲደርቅ እንቁራሪቶቹም እየጠፉ ነበር። የድቡ ተከራካሪ ቶሎሳ ስለ ድብ ግርማ ሞገስ ሲያወራ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ድብ አይቶ አያውቅም እኮ!

ተራዬ ሲደርስ «ድብ ያየ እጁን ያውጣ» አልኩ። ማንም አላወጣም። «እንቁራሪት ስትጮህ የሰማስ?» ሁሉም አወጣ። «ታዲያ ለእሷ ከእኛ ሌላ ማን አላት?» ብዬ ረታሁ።

ዛሬ ልጅቷ ያንኑ ስትጠይቅ ነገሩ ተገለበጠባት። ድብን ሁሉም በቴሌቪዥን አይቷል፤ እንቁራሪት የሰማ ግን ሁለት ልጅ ብቻ።

«አያችሁ፣ ቀድማ እየጠፋችብን ያለችው እሷ ናት» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። የኔ አንበሳ!

ቶሎሳስ? አግብቼዋለሁ። ይኸው ከጎኔ ቁጭ ብሎ «ያኔ ዳኛው አድልቶልሽ ነው» ይላል።

እናንተስ በተማሪነታችሁ ለማን ተሟገታችሁ? ለቶሎሳ የምትፈርዱ ካላችሁም ጻፉ፤ እንዲያነበው መነጽሩን አቀብለዋለሁ።